ከማን ሰማኸው?

በ2010 ዓ.ም. ክረምት ላይ ስድስት ቃል ያላት ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ። «ሼኹ በእግራቸው ተጉዘው የሐጅ ሥርዓታቸውን ፈጽመዋል።» በፌስቡክ ገጼ ላይ፣ ስለ አባቴ አገር ትልቅ ሰው በለቀቅኩት ረጅም ጽሑፍ መሐል ገብታ የተቀመጠች፣ ማንም ልብ ያላላት፣ እኔም ወዲያው የረሳኋት ነበረች። ከሰው ሰምቼ ነው። ከማን እንደሰማሁ ግን ያኔም ብትጠይቁኝ አልመልስም ነበር። ይኸው እስከ ዛሬ ከዚያች ዓረፍተ ነገር ጋር ሒሳብ አልዘጋንም።

የሼኹን ስም እዚህ አልጠራም። ቤተሰብ አላቸው፤ ደግሞም ወሎ ውስጥ «ጌታው» ሲባል ለየሰፈሩ የየራሱ ጌታ ፊቱ ላይ ድቅን ይላል። እናንተም የራሳችሁን አስቡ።

ነገሩ የተጀመረው በዊኪፔድያ ነው። አንድ ማታ ስልኬን ይዤ የቃሉ ወረዳንና የቦርከና ወንዝ ዳር መሻይኾች፣ ታላላቅ ሼኾች፣ አንድ በአንድ ፈለግኩ። የዓለም እግር ኳስ ተጫዋች ሁሉ አለ። የኛ ሰዎች፣ ስማቸው በመንዙማ የሚጠራው፣ መቃብራቸው በየዓመቱ በሺህ ሰው የሚዘየረው፣ የሉም። ተናደድኩ። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እያልኩ ሦስት ሌሊት አምሽቼ ስለ ጌታው መጣጥፍ አዘጋጀሁ። በክፉ ቀን መወለዳቸውን፣ 107 ዓመት መኖራቸውን፣ ቦርከና ሞልቶ ሳለ ጫማቸው ሳይርስ መሻገራቸውን፣ ሐጃቸውን፣ ሁሉንም ከተትኩበት። ሲያልቅ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ማልቀስ ቀረኝ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ መጣጥፉ አናት ላይ ምንጭ እንደሚያስፈልገው የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ተለጠፈበት።

«ወሎ ሁሉ ያውቃል»

የለጠፈው ሰው በበጎ ፈቃድ የሚሠራ አርታዒ ነው። ማን እንደሆነ፣ የት እንደሚኖር አላውቅም። አማርኛው ጥሩ ነው፤ ትዕግሥቱ ደግሞ ከአማርኛው ይበልጣል። «ይህን ሁሉ ከየት አገኙት?» ሲል ጠየቀኝ። «ወሎ ሁሉ ያውቃል» ብዬ መለስኩ። «ወሎ ሁሉ የሚያውቀውን አንድ ሰው ጽፎት ከሆነ እሱን ይጥቀሱልን» አለኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። የእንጀራ ሥራዬ መዝገብ ቤት ነው። ባለጉዳይ መጥቶ «ይህ መሬት የአባቴ መሆኑን ቀበሌው በሙሉ ያውቃል» ሲለኝ ቀና ብዬ እንኳ ሳላየው «ሰነድ ይዘው ይምጡ» የምል ሰው ነኝ። ስንቱን እንዲህ ብዬ መልሼዋለሁ። ተራው የኔ ሲሆን ግን ክብሬ የተነካ መሰለኝ። የጌታውን ነገር እንደ ካርታና ፕላን ማን ማስረጃ ይጠይቅበታል?

ሰውየው አልሰለቸም፤ ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። መጣጥፉ ውስጥ የሚገባ ነገር ማንም አንባቢ፣ ጌታውን የማያውቅም የማይወድም ቢሆን፣ ተከታትሎ ሊያጣራው የሚችል መሆን አለበት። እኔ ራሴ ያሰባሰብኩት አዲስ ምርምር እዚያ ቦታ የለውም። የግል ብሎግና ፌስቡክ ስለ ሌላ ሰው ለሚነገር ነገር አይበቃም። ስለ መንፈሳዊ መምህር ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይጠብቃል። ደረሶቹ፣ ማለትም ተማሪዎቹ፣ የጻፉት መጽሐፍ ምን እንዳስተማረ ለመናገር ያገለግላል፤ ምን ያህል ታላቅ እንደነበረ ለመመስከር ግን ከቤቱ ውጭ የሆነ ሰው ያስፈልጋል። ከራማም (ተአምርም) ቢሆን «ሆነ» ተብሎ አይጻፍም። «ተከታዮቻቸው እንዲህ ይተርካሉ» ተብሎ፣ ተራኪውም ታውቆ ነው። በሕይወት ስላለ ሰው ከሆነማ ምንጭ የሌለው አከራካሪ ቃል ሳይውል ሳያድር ይሰረዛል። (ይህችን የመጨረሻዋን ስሰማ፣ በዚህ ዘመን በዩቲዩብ ራሳቸውን «ነቢይ»ና «ባሕታዊ» ብለው የሾሙት ትዝ አሉኝና ደንቡን መጀመሪያ የወደድኩት እዚያ ላይ ነው። ሰው ደንብ የሚወደው ሌላው ላይ ሲያርፍ ነው።)

ስለዚህ ምንጭ ፍለጋ ወጣሁ። የፕሮፌሰር ሁሴን አህመድን መጽሐፍ አገላበጥኩ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወሎ ስለነበረው እስልምና የተጻፈ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 በኔዘርላንድ የታተመ ሥራ ነው። የገታ መርከዝ (የሃይማኖት ማዕከል) አለ፣ የጀማ ንጉሥ አለ፣ ሼኽ ጦልሐ አሉ። የኔ ሰው ግን የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ናቸውና አይኖሩበትም። ጀርመኖቹ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2014 ባወጡት ባለ አምስት ቅጽ የኢትዮጵያ ኢንሳይክሎፔድያም ፈለግኩ። የሉም። ለዚያራ፣ ለመቃብር ጉብኝት፣ የተበተነች ባለ ስምንት ገጽ ብሮሹር ከአክስቴ ሣጥን አገኘሁ፤ የደረሶቹ ሥራ ናት።

በመጨረሻ ቀናኝ። አንድ የአዲስ አበባ መጽሔት ስለ ወሎ ሐድራ (የጸሎትና የመንዙማ ስብሰባ) ያወጣው ጽሑፍ ጓደኛዬ ጋ ተገኘ። ጌታውን በሁለት አንቀጽ ያነሳቸዋል። ሐጃቸውም አለ፦ «ሼኹ በእግራቸው ተጉዘው የሐጅ ሥርዓታቸውን ፈጽመዋል።» አንድም ቃል አልተለወጠችም። ያኔ ይህ ሊያስደነግጠኝ ሲገባ አስደሰተኝ። ጋዜጠኛ የጻፈው፣ የታተመ፣ ከቤት ውጭ የሆነ ምንጭ! ቁጥሩንና ገጹን ጠቅሼ ለጠፍኩበት። አርታዒውም «አሁን ጥሩ ነው» አለ።

የእናቴ አስተያየት

እንደ ብዙ የወሎ ቤት የኛም ቤት ሁለት ነው። አባቴ የሐርቡ እስላም፣ እናቴ የሐይቅ ክርስቲያን። መጣጥፉን መጀመሪያ ያስነበብኩት እናቴን ነበር። መነጽሯን አድርጋ ሁለት መስመር ሄደችና ቆመች።

«ማን ሆነህ ነው ጌታውን አንተ የምትል?»

ኢንሳይክሎፔድያ ያላዳላ መሆን አለበት ስለተባለ «ተወለደ፣ ተማረ፣ ሞተ» ብዬ ጽፌ ነበር። እንግሊዝኛው ይህ ጣጣ የለበትም፤ ለሼኽም ለሌባም ያው አንድ ተውላጠ ስም ነው። አማርኛ ግን አፍህን ስትከፍት ጀምሮ ወገንህን ያጋልጥብሃል። «ተወለደ» ካልኩ ደፈርኩ፣ «ተወለዱ» ካልኩ ሰገድኩ። አርታዒውን ጠየቅኩት። ለሽማግሌና ለሃይማኖት አባት «አንቱ» ማለት በአማርኛ ውዳሴ ሳይሆን ሰዋስው ነው፣ ስማቸው ላይ የሚደረደረውን ማዕረግ ግን ቀንሰው አለኝ። ተስማማሁ። «ተወለዱ» ተመለሰች፤ «የዘመናቸው ኮከብ» ወጣች። እናቴ ስለ ኮከቡ ምንም አላለችም። ብቻ «አንተ» መቅረቷን አይታ መነጽሯን አወለቀች።

የሐርቡው ከሰዓት

ጌታውን በእግር በፈረስ ተከትለው የኻደሙ፣ ያገለገሉ፣ አንድ ሽማግሌ በሕይወት እንዳሉ የነገረችኝ አክስቴ ናት። ሰማንያ አምስት አልፏቸዋል፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን የሚገርም ነው። አንድ ሐሙስ ከደሴ ወደ ሐርቡ ወረድኩ። የሄድኩት ለመጠየቅ አልነበረም፤ ለማስመረቅ ነበር። መጣጥፉን ላነብላቸው፣ ሊደሰቱ፣ ሊመርቁኝ።

ቤቱ ውስጥ ዕጣን ይጨሳል፤ ሦስት አራት ሰው ተቀምጧል። ቡናው ቀርቦ «ጀባ» ተባለ። አወሉ እስኪወርድ የአባቴን ዘር ጠየቁኝ፤ አያቴን ሲያውቁ ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ። ከዚያ ስልኬን አውጥቼ ማንበብ ጀመርኩ። ዓይናቸውን ከድነው ያዳምጣሉ። ትውልዳቸውን አነበብኩ፤ ግንባራቸው ትንሽ ተቋጠረ እንጂ ዝም አሉ። ቂርኣታቸውን፣ የኪታብ ትምህርታቸውን፣ አነበብኩ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሐጁ ላይ ስደርስ እጃቸው ተነሣ።

«እዚህ ጋ ቁም ልጄ። ይችን ከማን ሰማሃት?»

«መጽሔት ላይ ወጥታለች አባባ።»

«መጽሔቱን ማን ጻፈው?»

«አንድ ጋዜጠኛ ነው። የአዲስ አበባ ልጅ።»

«ጌታውን አግኝቷቸዋል?»

«የት አግኝቷቸው። እሳቸው ሲሞቱ ገና ልጅ ነው።»

«እሺ፣ እሱስ ከማን ሰማ?»

አላውቅም አልኩ። ዝም ብለው ጠበቁ። ያ ዝምታ መልስ የሚጠብቅ እንጂ የሚያልፍ ዓይነት አልነበረም። የጋዜጠኛው ስልክ ከጓደኛዬ ተቀብዬ ኋላ ላመሰግነው መዝግቤው ነበርና እዚያው ደወልኩ። ሽማግሌው እንዲሰሙ ብዬ ድምፁን ከፍ አደረግኩት። ልጁ ትሑት ነው፤ በደንብ አስታወሰ። «እሷን እንኳ ያገኘሁት ከፌስቡክ ነው» አለ። «ደሴ ያለ አንድ ልጅ በጣም ቆንጆ ጽሑፍ ጽፎ አግኝቼ፤ ከቦታው የሆነ ሰው ስለሆነ አመንኩት።» የገጹን ስም ነገረኝ።

ገጹ የኔ ነው። የምጽፈው በብዕር ስም ስለሆነ ልጁ የሚያወራው ከማን ጋር እንደሆነ አላወቀም። አመስግኜው ዘጋሁት። ቤቱ ውስጥ የረከቦቱ ሲኒ ሲጋጭ ብቻ ይሰማል።

«ያ የደሴ ልጅስ ከማን ሰማ?» አሉ ሽማግሌው።

«እኔ ነኝ አባባ።»

«አንተስ?»

መልስ አልነበረኝም። ከአጎቴ ይሁን፣ ከሐድራ ላይ ይሁን፣ ከመንዙማ ግጥም ይሁን፣ ወይ ደግሞ እንዲህ ያለ ሰው ሐጅ ሳያደርግ አይቀርም ብዬ ራሴ ሞልቼው ይሁን፣ ወደ ኋላ ብሄድ ብሄድ ጨለማ ነው። ሽማግሌው መጀመሪያ ፈገግ አሉ፤ ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። በንቀት አልነበረም፤ አብሬ ልስቅ ምንም አልቀረኝም።

«ሰነድህ ዞረ እኮ ልጄ» አሉ። «ሰነድ ወደ ላይ ይወጣል እንጂ አይዞርም።»

ሰነድ

በመዝገብ ቤት ስንት ዓመት ሠርቼ ይህን ቃል እንደዚያ ቀን ሰምቼው አላውቅም። ለኔ ሰነድ ማለት ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ነው። ለሳቸው ግን ሰነድ ሰው ነው። እኔ ከእገሌ፣ እገሌ ከእገሌ እያለ እስከ ባለቤቱ የሚወጣ የሰዎች መሰላል። የዐረብኛው ቃል መደገፊያ ማለት ነው። ኪታብ የቀሩ፣ የተማሩ፣ ሁሉ ኢጃዛ (የማስተማር ፈቃድ) ሲቀበሉ የሚቀበሉት ይህንኑ ነው፦ ይህን ኪታብ ከማን እንደቀሩ፣ እሱም ከማን። ስሞቹን በቃላቸው ይወርዷቸዋል። እኔ አያቴን አልፌ ቅድመ አያቴን ስጠራ ይተናነቀኛል።

ከዚያ በዐረብኛ አንድ ቃል አሉና ወደ አማርኛ መለሱልኝ። በሁለተኛው የሒጅራ ክፍለ ዘመን የኖሩት ዐብዱላህ ኢብኑል ሙባረክ ያሉት ነው፦ ሰነድ ከዲን ነው፤ ሰነድ ባይኖር ያሻው ሰው ያሻውን ይናገር ነበር። ቃሉ የኢማም ሙስሊም የሐዲስ መድበል መግቢያ ላይ ይገኛል። እዚያው መግቢያ ላይ ከዚህ ይልቅ ያስደነገጠኝ ሌላ አለ። የሕያ ኢብኑ ሰዒድ አልቀጣን የሚባሉ የሐዲስ መርማሪ፣ ደጋግ ሰዎች በሐዲስ ያህል በምንም ነገር ሲዋሹ አላየንም ይላሉ። ኢማም ሙስሊም ሲያብራሩት፣ ውሸቱ በአንደበታቸው ይሮጣል እንጂ አስበው አይዋሹም አሉ።

ይህን ደግሜ ደጋግሜ አሰብኩት። ጌታውን የሚጠላ ሰው ሐጅ አደረጉ ብሎ አይዋሽላቸውም። እኔ ነኝ የዋሸሁት፣ ስለምወዳቸው። የመንፈሳዊ መምህርን ታሪክ አስቸጋሪ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ስለ ነጋዴ ወይም ስለ ሹም የሚጽፍ ሰው ጥቅም ሊያሳስተው ይችላል፤ ጥቅምን ደግሞ አንባቢ ይጠረጥራል። ፍቅርን ማን ይጠረጥራል? ያ በማላውቀው አገር የተቀመጠ አርታዒ ከቤት ውጭ ምስክር አምጣ ያለኝን ያኔ የፈረንጅ ንፍገት አድርጌ ቆጥሬው ነበር። ለካ የአባቴ አገር ዑለሞች ከሺህ ዓመት በላይ የኖረ ተመሳሳይ ጥያቄ ይዘው ቁጭ ብለዋል፤ እንዲያውም የነሱ ይከፋል። አርታዒው መጽሔቱን ሲያይ «ጥሩ ነው» ብሎ አለፈኝ። ሽማግሌው የመጽሔቱን አባት ጠየቁ፤ የአባቱንም አባት ጠየቁ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ።

ያልደረሱበት መካ

ቶናው ሲወርድ እውነተኛውን ነገሩኝ።

ጌታው መካን አላዩም። በጃንሆይ ጊዜ፣ እኚህ ሽማግሌ የአሥራ አምስት ዓሥራ ስድስት ዓመት ደረሳ ሳሉ፣ ሁለት በሬ ሸጠው ተነሡ። መኪና ነበረ፣ የሚከፈል ግን አልነበረም። ከባቲ ቁልቁል በእግር፣ ሌላ አንድ ደረሳ ጨምረው ሦስት ሆነው። አፋር በረሃ ውስጥ ጌታውን ወባ ጣላቸው። አንድ የአፋር ቤተሰብ አስጠግቶ የፍየል ወተት እያጠጣ ሳምንታት አቆያቸው። ሲሻላቸው መቆም እንጂ መራመድ አልቻሉም። ከበሬው ብር የተረፈውን ለዚያ ቤት ሰጡና ጨው ጭኖ ከአሰብ በሚወጣ መኪና ላይ፣ ከጨው ጆንያ ላይ ተኝተው ተመለሱ።

«ከዚያ ወዲያ አልሄዱም» አሉ ሽማግሌው። «ሐጃጆች ሲመለሱ ግን ከሁሉ ቀድመው ደጃቸው የሚደርሱት እሳቸው ነበሩ። ዓይናችሁን ልሳመው፣ ያን ቤት ያየ ዓይን ነው፣ ይሉ ነበር። ሲስሙ ያለቅሳሉ።»

ጠጉሬ ቆመ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። እኔ ያልሠሩትን ሐጅ ልጨምርላቸው ስል የሆነውን ጣልኩት። የሰው ዓይን እየሳሙ የሚያለቅሱት ሰውዬ ከኔ ስድስት ቃል ጀርባ ተቀብረው ነበር።

ትውልዳቸውንም ጠየቅኳቸው፣ ግንባራቸው ተቋጥሮ ስለነበር። ብሮሹሯ በክፉ ቀን ተወለዱ ትላለች፤ በ1987 ስላረፉ ክፉ ቀን ከጀመረበት ከ1880 ተነሥቶ 107 ዓመት ይመጣል። «የትኛው ክፉ ቀን?» አሉኝ። ወሎ እኮ ክፉ ቀን አንድ አይደለም፤ 66 አለ፣ 77 አለ፣ በየመሐሉ ስም ያልወጣለት አለ። ጌታው ራሳቸው «እኔ የሰገሌ ዓመት ልጅ ነኝ» ይሉ ነበር አሉ። ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ የተሸነፉት ጥቅምት 17 ቀን 1909 ነው። 78 ዓመት። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ቀነስኩባቸው፤ ሽማግሌው ግን ቅር አላላቸውም። «ዕድሜ ከራማ መሰለህ?» አሉኝ።

ከሐይቅ በኩል

ማታ ደሴ ተመልሼ ለእናቴ ስነግራት «የኛዎቹም እንዲሁ ናቸው» አለች። ምን ለማለት እንደፈለገች የገባኝ ቆይቶ ነው። የሐይቅ እስጢፋኖሱ አባ ኢየሱስ ሞዓ ገድል ይኩኖ አምላክ እ.ኤ.አ. በ1270 ሲነግሥ ከጀርባ የነበሩት እሳቸው ናቸው ይላል። የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ገድል የሚያነብ ደግሞ ያን ውለታ ለተክለ ሃይማኖት ሲሰጥ ያገኘዋል። ሁለቱም ገድል የተጻፈው ከባለ ገድሎቹ ዕረፍት በኋላ፣ በወዳጅ እጅ ነው። ሁለት ገዳም፣ ሁለት ፍቅር፣ አንድ ንጉሥ።

የታሪክ ተመራማሪው ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ሐይቅ አበምኔቶች ባሳተሙት ጥናት ላይ ዓይኔ የቀረው ለዚህ ነው። ገድሉን አልጣሉትም፤ ግን ብቻውን አልተዉትም። መነኮሳት በወንጌል ብራና ባዶ ቦታ ላይ የሚያሰፍሯቸው ማስታወሻዎች አሉ፦ ማን ምን ሰጠ፣ ማን ተሾመ። ኢየሱስ ሞዓ በሕይወት ሳሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1280 ገደማ የተጻፈ፣ ለገዳሙ የሰጡት አራቱ ወንጌል እስከ ዛሬ አለ። የስጦታው ማስታወሻ ደረቅ ነው። ማንም አያለቅስበትም፣ ማንም አይዘምረውም። የሚያወድስ ሰው ስላልጻፈው ግን ይታመናል። የመዝገብ ቤት ሰው ስለሆንኩ ይሆን፣ ከዚያ በኋላ ቢሮዬ ያሉትን አቧራ የጠጡ መዝገቦች በሌላ ዓይን ነው የማያቸው።

ቢሆንም ልቤ ሙሉ በሙሉ አልተረታም። ወረቀት ያለው ሐይቅ ነው። ጌታው በኖሩበት ሸለቆ ማን ወረቀት ነበረው? ማስታወሻ የሚያሰፍር ጸሐፊ የሌለው አገር ሰው ሁሉ ሊቀር ነው? ይህን የጠየቅኩት እኔ ብቻ አይደለሁም። እ.ኤ.አ. በ2011 ሕንድና ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሰዎችን በድምፅ ቀድተው ቅጂውን ለዊኪፔድያ መጣጥፍ ምንጭ ለማድረግ የሞከሩ ነበሩ። ብዙ ተከራከሩበት፤ አጠቃላይ ደንብ ሆኖ ግን አልጸደቀም። በሌላ በኩል ፕሮፌሰር ሁሴን ኪታቡን ከሽማግሌው ቃል ጎን አስቀምጠው፣ አመሳክረው፣ በስማቸው ኃላፊነት ወስደው ሲያሳትሙት ያው የቃል ወሬ ምንጭ ይሆናል። በሁለቱ መሐል ያለው ልዩነት ቃሉን መዝኖ፣ ከተሳሳተ እኔን ያዙኝ የሚል ሰው መኖሩ ነው። እኔ ስልክ ይዤ የሄድኩ ወዳጅ ነበርኩ።

የአንድ ሰው ቃል

ከሁለት ሳምንት በኋላ መቅጃ ይዤ ተመልሼ ሐርቡ ወረድኩ። ዩኒቨርሲቲ የሚያጠና ወዳጅ አለኝ፤ ወስዶ ከሌላ ጋር አመሳክሮ ይጽፈዋል፣ ከዚያ በኋላ ወግ ያለው ምንጭ ይሆናል ብዬ አስቤ ነበር። ለሽማግሌው ሁሉንም አስረዳኋቸው፤ ዊኪፔድያውን፣ ደንቡን፣ የበረሃው ታሪክ ሳይጻፍ እንዳይቀር የፈለግኩትን።

እስከ መጨረሻ አዳምጠው «ሦስት ነበርን» አሉ። «ጌታው ሄዱ። ያኛው ደረሳ በሰባ ሰባት ሞተ። የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። አንድ ሰው ምን ምስክር ይሆናል?»

«እርስዎን የማያምን የለም አባባ።»

«አንተስ ሳታውቀው ታምነህ አልነበር?»

እንዲቀዳ ፈቀዱ፤ «ይኸን የሚናገረው አንድ ብቻውን የቀረ ሰው ነው» ብሎ ቅጂው አፉ ላይ እንዲነገር ግን አስገደዱኝ። በራሴ ድምፅ ተናገርኩት። ቅጂው ወዳጄ ጋ ነው። ያ የአፋር ቤተሰብ ዘሩ ካለ እስካሁን ያወራው ይሆናል ብሎ ወደ ሚሌ በኩል ሰው እያጠያየቀ ነው።

የዊኪፔድያውን መጣጥፍ ራሴ አረምኩት። ስድስቷን ቃል ስሰርዝ ለአርታዒው ምክንያቷን ጽፌ ነገርኩት፤ ቆይቶ «እኔም የመጽሔቱን ምንጭ መጠየቅ ነበረብኝ» ብሎ መለሰልኝ። ለጋዜጠኛውም ደወልኩለት። እሱን ለማስረዳት ከሁሉ በላይ ተቸገርኩ፤ «ታዲያ አንተው ነህ እኮ የጻፍከው!» አለ፣ እውነቱን ነው። 107ቱ ወጣ። ቦርከና «ተከታዮቻቸው ለዚያራ ባሳተሙት ብሮሹር እንደሚተርኩት» ከሚል ሐረግ ጋር ትንሽ ቆየና እሱንም አርታዒው በቂ አይደለም አለኝ፤ አልተከራከርኩም። ሦስት ሌሊት ያመሸሁበት ነገር አራት መስመር ሆነ። አራቱም የቆሙት አንድ የማስተርስ ጥናት ስለ አካባቢው የቂርኣት ቦታዎች ሲናገር ባነሳቸው ገጽ ላይ ነው።

ባለፈው ሐሙስ የሽማግሌው የልጅ ልጅ ደወለልኝና ስልኩን ሰጣቸው።

«ስንት መስመር ቀረ?» አሉ።

«አራት።»

«እስኪ አንብበው።»

አነበብኩላቸው። የት እንደቀሩ፣ ምን ኪታብ ያስቀሩ እንደነበር፣ መርከዛቸው የት እንደሆነ፣ መቼ እንዳረፉ። ዓይናቸውን ከድነው እንደሚያዳምጡ ታውቆኛል። ሦስተኛው መስመር ላይ ስደርስ ትንፋሻቸው ተቋረጠ።

«ቆይ» አሉ። «ይኸን ያጠናው ልጅ ከማን ሰማ?»

ጥናቱን ከመሳቢያ አወጣሁና መጨረሻው ላይ የተመዘገቡትን የቃል አቀባዮች ስም በቁጥር አንድ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ።